የአሮጌው ዴስክቶፕ ማስታወሻ፦ ከመጣላችን በፊት ከፍተን ያየነው

ቅዳሜ ከሰዓት

ኮምፒውተሩ ቤት ገባ። የእህቴ ባል መሥሪያ ቤት ዕቃ ሲቀይር ለሠራተኞቹ በጨረታ ከሸጣቸው አንዱ ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010፣ ቆሞ የሚቀመጠው ትልቁ ሳጥን። ሞዴሉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ "ስላይትሊ ዩዝድ" የሚሸጥበት ሱቅ ከገባችሁ የዚያ ዘመን የቢሮ ማሽኖች ተደርድረው ታገኛላችሁ። ይኼኛው የሚደርሰው ለእህቴ ልጅ ነው። 11ኛ ክፍል ናት። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር ጀምራለች፤ እስካሁን የምትታገለው በስልኳ ነበር።

ችግሩ መንቀርፈፉ ነው። ለመነሳት ዕድሜ ይፈጃል። ብሮውዘር ሲከፈት ደርቆ ይቆማል። ትንሽ ሲሠራ ደግሞ ፋኑ ይጮኻል። መገናኛ አካባቢ ያለ አንድ ባለሱቅ አይቶት "ፕሮሰሰሩ አርጅቷል፤ አትልፉ፣ ሽጡትና ጨምራችሁ ሌላ ግዙ" ብሏቸዋል።

እኔ አልተዋጠልኝም። ኮምፒውተር በተንቀራፈፈ ቁጥር የሚወቀሰው ስሌቱን የሚሠራው ክፍል፣ ፕሮሰሰሩ ነው። ሳጥኑ ላይ ስሙ የተለጠፈው የእሱ ብቻ ስለሆነ ይመስለኛል።

ክዳኑን ከመንካቴ በፊት ዊንዶውሱን አስነስቼ የትኛው ክፍል ምን ያህል እንደተጨናነቀ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ከፈትኩ። ብሮውዘር ከፍተን ጥቂት ገጽ ስንጨምር፣ ሲፒዩ የሚለው፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ፣ ከመቶ 10 እንኳ አልሞላም። ሜሞሪ የሚለው ሊሞላ ደርሷል። ዲስክ የሚለው 100 ላይ ወጥቶ አልወርድ አለ። ፕሮሰሰሩ አልደከመም፤ ተቀምጦ ዲስኩን እየጠበቀ ነው። አንድ ሌላ ነገርም አየሁ። ቪዲዮ ስናጫውት የፕሮሰሰሩ ሙቀት 90 ዲግሪ አለፈ። እሱ የራሱ በሽታ ነው።

ስለዚህ ዕቅዱ ይኼ ነው። መክፈት፣ ማጽዳት፣ መለካት። ገንዘብ የሚወጣው ከዚያ በኋላ።

ቅዳሜ ማታ

የኮረንቲውን ገመድ ነቀልን። ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነን ያዝን፤ ውስጥ የቀረችውን ኃይል ለማስወጣት ነው። ከዚያ የሳጥኑን ራቁት ብረት ነካን። ከሹራብ ጋር ሲተሻሽ ሰውነታችን ላይ የሚጠራቀመው ስታቲክ ለእኛ ምንም አይደለም፣ ራምን (ኮምፒውተሩ የያዘውን ሥራ ለጊዜው የሚያኖርበትን ሜሞሪ) ግን ሊገድል ይችላል።

ካቻቪቴ አላስፈለገንም። የጎኑን መያዣ ስትስቡት ክዳኑ ይወልቃል። ውስጥም ቢሆን በእጅ የሚለቀቀው ነገር ሰማያዊ ቀለም አለው። ሰማያዊ ያያችሁበትን ሳቡ፣ ሌላውን ተዉ። ለቢሮ የተሠሩ ማሽኖችን የምወዳቸው በዚህ ነው፤ ጠጋኙን አስበውታል።

ልጅቷ የስልኳን መብራት አብርታ ጎንበስ አለች። "አጎቴ፣ ይኼ ሁሉ ባዶ ነው እንዴ?"

እውነቷን ነው፤ አብዛኛው አየር ነው። አየሩም ግን ሥራ አለው። ከፊት ቀዝቃዛው ይገባል፣ ከኋላ የሞቀው ይወጣል።

አንድ በአንድ አሳየኋት። ከኋላ ገመዶች እንደ ጉድ የሚወጡበት የብረት ሳጥን ፓወር ሳፕላይ ነው። ሰፊው ሰሌዳ ማዘርቦርድ። ፋን የተሸከመው የብረት ማቀዝቀዣ ሥር ፕሮሰሰሩ ተደብቋል። አጠገቡ ራም የሚሰካባቸው አራት ረጃጅም ክፍተቶች አሉ፤ አንዱ ብቻ ነው የተያዘው። ፊት ለፊት ሃርድ ዲስኩና ዲቪዲው። ግራፊክስ ካርድ የለም። ስክሪን ላይ የሚታየውን ምስል የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ውስጥ የተካተተ ክፍል ነው።

"እሺ፣ ማዘርቦርዱ ራሱስ ምን ይሠራል?"

ይቺን ጥያቄ ወደድኳት። ብዙ ጊዜ "ሁሉን ያገናኛል" ተብላ ትታለፋለች። መብራቱን ተቀብያት በፕሮሰሰሩና በራሙ መካከል ያለውን ቦታ አሳየኋት። ጸጉር የሚያካክሉ የመዳብ መስመሮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አንዳንዶቹ ቀጥ ብለው ይደርሳሉ። አንዳንዶቹ መሐል ላይ ያለ ምክንያት እየተጠማዘዙ፣ ወዲያና ወዲህ እያሉ ይሄዳሉ። ፊት ለፊት ክፍት መንገድ እያለ ለምን ይዞራሉ?

ርዝመታቸው እኩል እንዲሆን ነው። የዚህ ማሽን ራም በእያንዳንዱ የዳታ መስመር በሰከንድ እስከ 1.6 ቢሊዮን ጊዜ ያስተላልፋል። በአንዷ ማስተላለፊያ ቅጽበት ምልክቱ ሰሌዳው ላይ የሚሄደው 10 ሴንቲ ሜትር ግድም ብቻ ነው። አብረው የተላኩት ምልክቶች አብረው ካልደረሱ ንባቡ ይበላሻል። ስለዚህ ቅርብ የሆነውን መስመር ሆን ብለው ያዞሩታል። ልጅቷ ይኼን ከሰማች በኋላ መስመሮቹን በዓይኗ እየተከተለች ብዙ ቆየች። እኔም ዝም ብዬ አቧራውን አይ ነበር።

ስለ ካፓሲተሮቹ ለማስታወሻ ያህል፦ ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅሙት፣ በየቦታው የቆሙት ትናንሽ በርሜሎች አናታቸው ጠፍጣፋ ነው። ያበጠ ወይም ያለቀሰ የለም። አሮጌ ማዘርቦርድ ስትገዙ መጀመሪያ እሱን እዩ።

እሑድ

የአቧራ ቀን። በረንዳ ላይ አወጣነው።

ሰፈራችን ያለው ጎሚስታ ኮምፕሬሰር አለው፤ ብዙ ሰው ኮምፒውተሩን እዚያ ወስዶ ያስነፋል። እኔ አልወደውም። የኮምፕሬሰሩ ታንክ ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል፣ ከአየሩ ጋር ይረጫል። ግፊቱም ፋኑን ከአቅሙ በላይ ያሽከረክረውና መሽከርከሪያውን ይጎዳል። አማራጭ ከሌላችሁ መጀመሪያ አየሩን ወደ ሜዳ ልቀቁት፣ ፋኑን በጣት ያዙት፣ ከራቅ ብላችሁም ንፉ። እኛ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይበቃናል።

አቧራው የበረታው ማቀዝቀዣው ላይ ነው። ፋኑን ከላይ ስናነሳ በስስ ብረቶቹ መሐል አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ አልነበረም። አቧራው ተጠቅጥቆ ጨርቅ ሆኗል፤ በፒንሴት ይዤ ስስበው በአንድ ቁራጭ ወጣ። የ90 ዲግሪው ምክንያት ግማሹ ይኼ ነበር።

ሌላው ግማሽ ከሥር ነው። ማቀዝቀዣውን የያዙትን አራት ብሎኖች በአግድም እያፈራረቅሁ በትንሽ በትንሹ ፈታኋቸው። አንዱን ጥግ ጨርሳችሁ ከፈታችሁ ሌላው ጥግ ፕሮሰሰሩን ይጫነዋል። ከዚያ ማቀዝቀዣውን ግራ ቀኝ ወዝወዝ አድርጎ ማንሳት። በሁለቱ መሐል የሚቀባው ተርማል ፔስት ድስት ጠርዝ ላይ እንደደረቀ ሽሮ ተሰነጣጥቋል።

ይኼ ቅባት ለምን እንደሚያስፈልግ ብዙ ሰው አይገባውም። የፕሮሰሰሩ ቆብና የማቀዝቀዣው ብረት ለዓይን ለስላሳ ናቸው፤ ቀረብ ተብሎ ሲታይ ግን ጭረትና ጎድጓዳ ይበዛቸዋል። ሲገጣጠሙ መሐል ላይ አየር ይቀራል፣ አየር ደግሞ ሙቀት እምብዛም አያሳልፍም። ቅባቱ ያንን ክፍተት ለመሙላት ነው። ስለዚህ ሲበዛ አይጠቅምም። አሮጌውን በአልኮልና ክር በማይጥል ጨርቅ ጠረግሁ፤ መሐል ላይ 5 ሚሊ ሜትር ግድም ስፋት ያላት ነጥብ አኖርኩ፤ ማቀዝቀዣውን መልሼ አሰርኩ። ራሱ ይዘረጋል።

ሲጸዳ የፕሮሰሰሩ ጽሑፍ ታየ። ኢንቴል ኮር አይ 5፣ ቁጥሩ 3470፣ 3.20 ጊጋኸርዝ። የመጀመሪያዋ 3 ትውልዱን ነው የምትናገረው፤ ሦስተኛ ትውልድ። "ኮር አይ 5 ነው" ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የነገራችሁ። ይኼ አይ 5 አራት ኮር (ስሌት የሚሠራ ክፍል) አለው፣ በቃ። የ10ኛው ትውልድ አይ 3 10100 አራት ኮር ይዞ እያንዳንዱ ሁለት ሥራ ይቀበላል፣ ይቀድመዋልም። ስሙ ሳይሆን ቁጥሩ ነው የሚነበበው።

መያዣውን ከፍቼ ፕሮሰሰሩን አውጥቼ ላሳያት አሰብኩና ተውኩት። በዚህ ዓይነት ማሽን ፕሮሰሰሩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኙት መርፌዎች ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ነው። 1155 ናቸው። አንዷ ከተጣመመች ማን ያቀናታል?

ሰኞ ማታ

ፓወር ሳፕላይ። ልጅቷ ይኼን ሳጥን እንከፍተዋለን ብላ ነበር፤ አልተፈቀደም።

ምክንያቱ ይኼ ነው። ከግድግዳ የሚመጣው 220 ቮልት ተለዋዋጭ ነው። ፓወር ሳፕላዩ መጀመሪያ ወደ አንድ አቅጣጫ ይለውጠዋል፣ በዚያ ጊዜ ቮልቱ 310 አካባቢ ይደርሳል፣ ትልቅ ካፓሲተር ውስጥም ይቀመጣል። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል። የተቀረውን ክፍል ሁሉ እንደፈለጋችሁ ክፈቱ፤ እሱን ሳጥን ግን ለሚያውቅ ሰው ተዉት።

ከውጭ ግን መለካት ይቻላል። መልቲሜትሩን አመጣሁ። የገመዶቹ ቀለም ሕግ አለው፦ ቢጫ 12 ቮልት፣ ቀይ 5፣ ብርቱካናማ 3.3፣ ጥቁር መሬት። ወይን ጠጁም 5 ነው፤ እሱ ግን ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን ገመዱ እስከተሰካ ድረስ በሕይወት ያለው ነው። ማብሪያውን ስትጫኑ የሚሰማ ሰው መኖር አለበት፤ ያ ሰው በዚህ መስመር ነው የሚኖረው። "አጠፋሁት" ያላችሁት ኮምፒውተር ሙሉ በሙሉ አልጠፋም ማለት ነው። ራም ከመንቀላችሁ በፊት ገመዱን የምትነቅሉት ለዚህ ነው።

ልኩ ጥሩ ነው። ቢጫው 12.1፣ ቀዩ 5.05። የሚፈቀደው 5 ከመቶ ወዲህና ወዲያ ነው፤ ቢጫው ከ11.4 በታች ቢወርድ ኖሮ ሌላ እገዛ ነበር።

ጎኑ ላይ 275 ዋት ይላል። ትንሽ ይመስላል። ፕሮሰሰሩ የተመደበለት 77 ዋት ነው፣ ሌላው ሁሉ ተደምሮም ብዙ ስለማይጨምር ይበቃል። ባለሱቁ "ካልሸጣችሁት ግራፊክስ ካርድ ጨምሩበት" ብሎ ነበር፤ ለትልቅ ካርድ ግን አይበቃም። ለካርድ የተለየ የኃይል ገመድ የለውም፤ ከማዘርቦርዱ ክፍተት ብቻ የሚገኘው እስከ 75 ዋት ነው። ለፓይተንና ለቤት ሥራ ምን ያደርግላታል? ተሰርዟል።

ከውጭ ያገለገለ ዕቃ ለሚያመጣ ሰው አንድ ምክር። የፓወር ሳፕላዩን ጽሑፍ አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ ችግር የለም። አንዳንድ አሮጌ ፓወር ሳፕላዮች ግን ከኋላቸው 115 እና 230 የተጻፈባት ትንሽ ቀይ መቀያየሪያ አላቸው። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 115 ላይ ትሆናለች። ሳታዩ እኛ ሶኬት ላይ ከሰካችሁት የምትሰሙት ድምፅ አያምርም።

ማክሰኞ

መብራት የለም።

ረቡዕ

መብራት መጣ። ቶሎ አልሰካሁም፤ ሲመለስ ከፍ ዝቅ ስለሚል ትንሽ ይረጋጋ ብዬ ነው። ፓወር ሳፕላይ የአፍታ መቋረጥን ይቋቋማል፣ ግን የሚቋቋመው 16 ሚሊሰከንድ አካባቢ ብቻ ነው። የእኛ ኮረንቲ አንድ ዙር ራሱ 20 ሚሊሰከንድ ነው። እልም ብሎ ሲመለስ ኮምፒውተሩ የሚጠፋው፣ አምፖሉ ብልጭ ብቻ የሚለው ለዚህ ነው።

ተነሳ። ሰዓቱ ትክክል አይደለም ብሎ አቆመን። ዓመተ ምሕረቱ 2012 ይላል።

"2012? ኮሮና የገባ ጊዜ፣ ትምህርት ቤት የተዘጋ ጊዜ ነው እኮ!" አለች ልጅቷ።

የእሱ 2012 ሌላ ነው። የፈረንጆቹ ነው፣ ማሽኑ የተሠራበት ዘመን። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው፣ ሰዓቱን የምታቆየው ክብ ባትሪ አልቃለች። ሲ አር 2032 ትባላለች፤ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ቁጥሩ ራሱ ልኳ ነው። አዲስ ስትሆን 3 ቮልት ነች። መልቲሜትሩ ላይ ከ2 በታች አነበብኳት። ከሰፈር ሱቅ ሌላ ገዛን፤ መኪና ቁልፍ ውስጥም ስለምትገባ አትጠፋም።

ሰዓት የሚቆጥረው አጠገቧ ያለ ትንሽ ክሪስታል ነው። በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ቁጥሩ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም፤ አሥራ አምስት ጊዜ በሁለት ሲካፈል ልክ 1 ይመጣል። የኤሌክትሮኒክስ ሰው በሁለት ማካፈል ይቀለዋል።

ሰዓቱ ከተሳሳተ ጉዳቱ ሰዓት ማሳሳት ብቻ አይደለም። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያሳዩበት ሰርተፍኬት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን አለው። ኮምፒውተሩ 2012 ላይ ነኝ ብሎ ካመነ የዛሬው ሰርተፍኬት ገና ያልተወለደ ይሆንበታል፣ ገጹንም አልከፍትም ይላል። "ኢንተርኔቱ ተበላሸ" ተብሎ የሚመጣ ኮምፒውተር አንዳንድ ጊዜ የባትሪ ጉዳይ ነው።

ሙቀቱን አየን። ያው ቪዲዮ፣ ያው ክፍል፣ አሁን ከ65 አያልፍም። ፋኑም ዝም አለ።

ከዚያ ዋናው ፈተና። በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ሊኑክስ ሚንትን፣ ፍላሽ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። ሲነሳ ኤፍ 12 ተጭነን ከፍላሹ አስነሳነው፤ ሃርድ ዲስኩን ጨርሶ ሳይነካ። መነሳቱ ጊዜ ወሰደ። ከተነሳ በኋላ ግን ሌላ ማሽን ሆነ። ማውሱ አይቆምም፣ ፕሮግራሙ ሲነካ ይከፈታል። ያው ፕሮሰሰር ነው፣ ያው ራም ነው። የቀየርነው ከየት እንደሚያነብ ብቻ ነው።

እዚያው የዲስኩን የጤና መዝገብ ከፈትኩ። ዲስክ ስለራሱ ማስታወሻ ይይዛል፤ የበራበት ሰዓት፣ የተበላሸበት ቦታ። ከ31,000 ሰዓት በላይ ሠርቷል፤ ቀን ከሌት ቢባል ሦስት ዓመት ተኩል ነው። ተበላሽተው የተተኩ ቦታዎች አሉት። ይባስ ብሎ ሊነበቡ ያልቻሉና ውሳኔ የሚጠብቁም አሉ። ይኼ ዲስክ ቀርፋፋ ብቻ ሳይሆን እየሄደ ነው።

ልጅቷን ሒሳብ አሠራኋት። ዲስኩ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይዞራል። አንድ ዙር 8.3 ሚሊሰከንድ ነው፣ የሚፈለገው ቦታ እስኪዞርለት በአማካይ ግማሹን ይጠብቃል። የሚያነበው ክንድ እስኪደርስም 8 ገደማ ይጨመራል። በድምሩ 12 ሚሊሰከንድ። ፕሮሰሰሩ በሰከንድ 3.2 ቢሊዮን ጊዜ ይመታል። በ12 ሚሊሰከንድ ስንት?

በስልኳ አሰላች። ከ38 ሚሊዮን በላይ።

ለአንዲት ንባብ ነው ይኼ። ኮምፒውተር ሲነሳ ደግሞ የሚያነበው በሺዎች የሚቆጠር ትንንሽ ፋይል ነው። ራሙ ሲያንስ ይብሳል፤ 4 ጊጋ ብቻ ስላለው የተረፈውን ዲስኩ ላይ እያስቀመጠ መልሶ ያነባል። ድሮም የደከመውን ዲስክ በራም ሥራ ጭምር ይጭኑታል። "ፕሮሰሰሩ አርጅቷል" የተባለው ሰውዬ ጥፋቱ በሌላ ሰው ወንጀል መከሰሱ ነው።

ሐሙስ

ገበያ። የሚገዛው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ኤስ ኤስ ዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ማስቀመጫ) እና ራም። ዋጋውን አልጽፍም፤ ይኼን እስክታነቡት ይለወጣል።

ራም ስትገዙ አሮጌውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ይኼ ማሽን የሚወስደው ዲዲአር 3 ነው፣ 240 እግር ያለው። ዲዲአር 4 ደግሞ 288 ነው፣ በእግሮቹ መሐል ያለችው ክፍተትም ቦታዋ ይለያል። አይገባም፤ ገፍታችሁ ካስገባችሁት የሚሰበረው ማዘርቦርዱ ነው። ያለን 4 ጊጋ ስለሆነ ሌላ 4 ጊጋ ያው ፍጥነት ያለው ጨመርን። አንድ 8 ጊጋ ከመግዛት ሁለት 4 ይሻላል። ራሙ ለፕሮሰሰሩ የሚመላለስበት መንገድ ሁለት ነው፤ አንድ ብቻ ከተሰካ ሁለተኛው ባዶውን ይውላል። በአንዱ መንገድ በሰከንድ 12.8 ጊጋባይት፣ በሁለቱ 25.6።

ኤስ ኤስ ዲ ላይ ሻጩ ጥሩ ሰው ነበር፣ ግን "ይኼ ይበልጣል" ብሎ ኤንቪኤምኢ የምትባለውን ቀጭንና ይበልጥ ፈጣን ኤስ ኤስ ዲ አወጣ። ይበልጣል፣ እውነት ነው። የእኛ ማዘርቦርድ ግን መሰኪያው የለውም። ሳታ በሚባለው ገመድ የሚሰካውን ባለ 2.5 ኢንች ወሰድን፣ 240 ጊጋ። ከመክፈሌ በፊት ላፕቶፑ ላይ አሰክቼ አየሁት። 223 ይላል።

"17ቱ የት ሄደ?" ልጅቷ ናት። አልተሰረቀም። አምራቹ ጊጋን በ1000 እየቆጠረ ይሸጣል፣ ዊንዶውስ በ1024 እየቆጠረ ያሳያል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚጠቀመው ግን የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው።

ቅዳሜ

መግጠም። ራሙን እሷ ሰካችው። ሁለቱን ጆሮ ከፈተች፣ ክፍተቷን አስተካከለች፣ በሁለት አውራ ጣት ጫነች። ቀጭ ሲል ደነገጠች። ሁሉም ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ራም ትንሽ ኃይል ይፈልጋል። ጆሮዎቹ ራሳቸው ካልተዘጉ አልገባም።

ዳታ ገመዱ 7 እግር፣ ኃይሉ 15፤ ሁለቱም ጫፋቸው ስለታጠፈ ገልብጦ መሰካት አይቻልም። ኤስ ኤስ ዲው ለትልቁ ዲስክ በተሠራው ቦታ ይዋልላል። ማስተካከያ ክፈፍ ይሸጣል፤ ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለ ግን ባለሁለት ፊት ፕላስተርም ይበቃዋል። እኛ በፕላስተር።

ኤፍ 2 ተጭነን ባዮስ (የማዘርቦርዱ የራሱ ማስተካከያ ገጽ) ገባን። ሜሞሪ 8 ጊጋ፣ ቻናሉ ዱዋል፣ ማለትም ሁለቱም የራም መንገድ ሥራ ላይ ነው። ደስ አለኝ። ሳታ የሚለው ለኤስ ኤስ ዲ በሚስማማው ኤኤችሲአይ ላይ መሆኑን አየሁ።

ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ላይ ትንሽ ክርክር ነበር። እህቴ "ዊንዶውስ ይሁን፣ ትምህርት ቤት እሱን ነው የሚያውቁት" አለች። ልክ ናት። ዊንዶውስ 10 ግን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል የሚቀበለው ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ ነው፤ የእኛ ሦስተኛ። በጓሮ የሚያስገቡ አሉ፤ ለልጅ ኮምፒውተር አልመክርም። ሊኑክስ ሚንት 22 እ.ኤ.አ. እስከ 2029 ይደገፋል፣ ፓይተንም አብሮት ይመጣል። ሚንት ሆነ።

ኔትወርክ የስልኳ ነው። ዴስክቶፑ ዋይፋይ የለውም፤ ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝተን ዳታውን አካፈልነው፣ ያለ ምንም ድራይቨር ወዲያው ያዘ። ለስክሪን መሰኪያ ከኋላ ቪጂኤና ሁለት ዲስፕሌይ ፖርት ነው ያለው፣ ኤችዲኤምአይ የለም። ሞኒተራችን ባለ ቪጂኤ ስለሆነ ተገላገልን።

አማርኛውን ለመጨመር አይባስ ኤም 17 ኤን የሚባለውን የፊደል መጻፊያ ጫንን፣ ከዝርዝሩ አማርኛን መረጥን። ለእናቷ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፈችላት፦ "ኮምፒውተሩ ሠርቷል። የስልክ ካርድ ላኪልኝ።"

እሑድ

አሁን ያለበት ሁኔታ። ቁልፉ ተጭኖ ዴስክቶፑ እስኪመጣ ከግማሽ ደቂቃ በታች ነው። ብሮውዘርና ፓይተን አብረው ሲከፈቱ ራሙ ግማሹ ይቀራል። ድካም የሚታይበት አንድ ቦታ ቪዲዮ ነው። ዩቲዩብ ዛሬ የሚጠቀምባቸውን አዳዲስ የቪዲዮ አጨማመቆች የፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ክፍል አያውቃቸውም፤ ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ራሱ እየፈታ ያጫውታል። በ1080 ጥራት ይችላል፣ ፋኑ ግን ከፍ ይላል። 4ኬ አይሞከርም። እዚህ ላይ ባለሱቁ ትክክል ነው፤ ዕድሜው የሚታወቅበት እዚህ ነው።

የወጣው ሃርድ ዲስክ ቀረ። ከፍቼ ሳየው የቀድሞው መሥሪያ ቤት ደብዳቤዎች፣ የደመወዝ ዝርዝር ጭምር፣ እንዳሉ ናቸው። አንድ ሰው "ሰርዣለሁ" ብሎ ይሆናል። መሰረዝ ስሙን ከማውጫው ማንሳት ነው፤ ጽሑፉ ቦታው ላይ ይቆያል። ሙሉውን በዜሮ ልጽፍበት ሞከርኩ፤ የታመሙት ቦታዎች ጋ ሲደርስ ቆመ። ስለዚህ በባለ ኮከብ ካቻቪቴ ከፈትነው። ውስጡ መስታወት የመሰለ ሳህን አለ፣ የሚያነበው ጫፍ በአየር ላይ ሆኖ ከሳህኑ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ይርቃል። ሳህኑን ካወጣን በኋላ በምስማር ጫርነው፣ በፒንሳ አጠፍነው። የሰው ደመወዝ የእኛ ጉዳይ አይደለም።

የቀሩ ሥራዎች፦ ዲቪዲው አይከፈትም፣ ማንም አልጠየቀውም። የኋላው ፋን ትንሽ ያንጎራጉራል፣ ክረምት ላይ እቀይረዋለሁ። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) እስኪገዛ ድረስ መብራት ሲሄድ ዲቫይደሩን የማጥፋት ኃላፊነት ልጅቷ ወስዳለች።